የሚታየው እጅና የማይታየው ደም



ሰው ዓይኑ ባየው ነገር ለመፍረድ እጅግ የፈጠነ ነው፤ በተወለደ ሕፃን ላይ ግን ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ይፈጥናል። ሕፃን በተወለደ ጊዜ ዘመድና ጎረቤት አስቀድሞ የሚመለከተው እጁንና እግሩን ነው። ሁሉ ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ቤቱ በእልልታ ይሞላል፤ አንዳች የጐደለ እንደ ሆነ ግን እልልታው በአፍ ውስጥ ይቀራል። ከዚያም ዝምታ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው «ይህ የማን በደል ነው?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛውም «ሰው ሳያይብን እንሸሽገው» የሚል ምክር ነው። ጥያቄው ስለ ምን ከንቱ እንደ ሆነ፥ ምክሩም ስለ ምን ነፍስ እንደሚያጠፋ በዚህች አጭር ጽሕፈት እናሳያለን።

ነገሩ በደፈናው እንዳይቀር፥ በጥቂት ሕፃናት ላይ ብቻ የሚገኝ አንድ ደዌ ምሳሌ አድርገን እንመርምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ሐኪሞች ይህን ደዌ «ታር» ብለው ይጠሩታል፤ ይህም ስም በ1969 ጁዲት ሆል የተባለች ሐኪም ከባልንጀሮቿ ጋር ስለ ደዌው በጻፈችው ጽሑፍ የታወቀ ነው። ደዌው ከእናት ማኅፀን ጀምሮ ያለ ነው እንጂ ኋላ የሚይዝ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም በመንካት ወይም በትንፋሽ አይተላለፍም። ከ100,000 ወይም ከ200,000 ሕፃናት አንዱን ያህል ብቻ ያገኛል ተብሎ ይገመታል።

ዋና ምልክቱ ሁለት ነው። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ባለው ክንድ ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ፤ በዚህ ሕፃን ግን ከሁለቱ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት በሁለቱም ክንዶች ይጐድላል። ስለዚህ ክንዱ ያጥራል፥ መዳፉም ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ አውራ ጣቱ ግን በቦታው አለ። ይህ የሚታየው ምልክት ነው። የማይታየው ምልክት በደሙ ውስጥ ነው። በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ ሥራቸውም ሥጋችን በተቈረጠ ወይም በተጋጨ ጊዜ ደሙን አርግተው የሚፈስበትን መድፈን ነው። በጤነኛ ሰው በአንዲት ማይክሮ ሊትር ደም፥ ይኸውም በሊትር ሚሊዮንኛ እጅ፥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት ይገኛል። በታር ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ ከ50,000 በታች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ቆዳው በጥቂት ነገር ይበልዛል፥ አፍንጫው ይነስራል፥ በአንጀቱም ሊደማ ይችላል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን በራስ ቅሉ ውስጥ በአንጎሉ ላይ የሚፈሰው ደም ነው።

አሁን አስተውል። ከእነዚህ ከሁለቱ ምልክቶች ሕፃኑን የሚገድለው የትኛው ነው? ክንዱ አይደለም፤ ክንዱ ስላጠረ ብቻ የሚሞት ሰው የለምና። የሚገድለው ደሙ ነው፤ ክፉው ጊዜም አብዛኛውን የመጀመሪያው ዓመት ነው። ያን ዘመን በሐኪም ጥበቃና በሰዎች ደም ረድኤት ያለፈ ሕፃን ፕላትሌቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ ይሄዳል፤ ለትምህርት ቤት በሚደርስበት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከጤነኛው የማይርቅ ይሆናል። አእምሮውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ነው። እንግዲህ ከዚህ ሕፃን የሚለየን ረጅም ዘመን አይደለም፤ በትጋት የምንጠብቀው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ነው።

የሰውን ፍርድ ግን ተመልከት። ሰው የሚያዝነውና የሚያፍረው በእጁ ነው፤ የሚያስፈራውን ደም አያስበውም። በእጁ አፍሮ ልጁን ወደ ጓዳ ያስገባዋል። ጓዳ የገባውን ልጅ ሐኪም አያየውም፤ ሐኪም ያላየው ደም አይመረመርም፤ ያልተመረመረውም ደም በአንድ ሌሊት ይፈሳል። በማግሥቱም ጎረቤት «ሲፈጠርም ጐደሎ ነበረ፥ ለእርሱም ዕረፍት ነው» ይላል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ይህን ልጅ የገደለው ክንዱ አይደለም፥ ደሙም ብቻውን አይደለም፤ እፍረታችን ነው እንጂ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው የተናገሩት ለሕመምተኛው ብቻ አይደለም፤ በሽተኛውን ለሚደብቁትም ጭምር ነው።

እጅ ስለ ደም የሚናገር መልእክተኛ መሆኑን ከሌላ ደዌ ደግሞ እንማር። በ1927 በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ይሠራ የነበረ ጊዶ ፋንኮኒ የተባለ የሕፃናት ሐኪም፥ ደማቸው ስላነሰና በሰውነታቸው ላይ ልዩ ምልክት ስላለባቸው ሦስት ወንድማማች ልጆች ጻፈ። ደዌው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በፋንኮኒ ደዌ ብዙ ጊዜ የሚያንሰው ወይም የሚጐድለው አውራ ጣት ነው፤ ቁመትም ያጥራል፥ በቆዳም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል፤ ነገር ግን ምንም ምልክት የማይታይባቸው ልጆች ደግሞ አሉ። የዚህ ልጅ ደም በተወለደ ጊዜ ደኅና ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ደም የሚፈጠርበት የአጥንቱ መቅኔ ሥራውን እየተወ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ልጁ ይገረጣል፥ ይደክማል፥ ይደማል፥ ትኩሳትም ይመላለስበታል።

እንግዲህ ሰው ንቆ የሚያልፋት ያች ትንሽ አውራ ጣት ከሕመሙ ዓመታት ቀድማ የተላከች መልእክተኛ ናት። የሚያስተውል ሐኪም ጣቷን ባየ ጊዜ ደሙን ይመረምራል፤ አውራ ጣት ካለና ከክንዱ አጥንት ከጐደለ ወደ ታር፥ አውራ ጣትም አብሮ ከጐደለ ወደ ፋንኮኒ እንዲያስብ ይመራዋል። ጉድለትን የሚሸሽግ ቤተሰብ ግን መልእክተኛውን ተቀብሎ ደብዳቤውን ሳያነብ በጨለማ ቤት የሚዘጋውን ሰው ይመስላል።

አሁን «የማን በደል ነው?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። ይህ ጥያቄ አሮጌ ነው። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደ አንድ ሰው ይኸው ጥያቄ ለጌታ በቀረበለት ጊዜ፥ ጥፋቱን በሰውዬውም ሆነ በወላጆቹ ላይ እንዳላኖረ ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። ዛሬም የሰው ምርምር በበኩሉ ደርሶ ለእናቲቱ ይመሰክርላታል። በ2007 ተመራማሪዎች የታር ልጆች ከዘር መዝገባቸው አንዲት ትንሽ ክፍል እንደምትጐድላቸው አገኙ፤ በ2012ም በሌላው ወላጅ በኩል የመጣች አንዲት ጥቃቅን ልዩነት ከዚያች ጉድለት ጋር ስትገናኝ ደዌው እንደሚወለድ ተረዱ። ጉድለቲቱ አንዳንድ ጊዜ ከአባት ወይም ከእናት ትወርዳለች፤ አንዳንድ ጊዜም በልጁ ላይ አዲስ ሆና ትገኛለች። ጥቃቅኗ ልዩነት ደግሞ በብዙ ጤነኞች ሰዎች ዘንድ አለች፤ እኔም አንተም ይዘናት ሳናውቅ ልንኖር እንችላለን። በፋንኮኒም ደዌ እንደዚሁ አብዛኛውን ጊዜ አባትም እናትም ጤነኞች ሆነው የተሸሸገውን ነገር በእኩል ይሸከማሉ፤ ሁለቱ በተጋቡ ጊዜ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 ዕጣ አንዱ የደዌው ነው።

ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት የበላችው ምግብ፥ የረገጠችው መሬት፥ ያየችው ነገር ይህን አላመጣም። የሰው ዓይን አላመጣውም፤ የጠላት እርግማንም አላመጣውም። «በእኔ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ሚስቱን የሚያባርር ባል ምናልባት የዕጣውን እኩሌታ ራሱ ይዞታል።

አንድ ሰው «እንኪያስ ምክንያቱን መጠየቅ ክፉ ነውን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ምክንያትን መጠየቅና በደለኛን መፈለግ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐኪም ምክንያቱን የሚጠይቀው ልጁን ለማዳን፥ ስለሚመጣውም ልጅ ወላጆቹን ለመምከር ነው። ጎረቤት በደለኛውን የሚፈልገው ግን ራሱን ለማሳረፍ ነው፤ በደለኛን ያገኘ ሰው ከመርዳት ነጻ የወጣ ይመስለዋልና። «እናቱ ያመጣችው ነው» ካለ፥ ሸክሙ የእርሷ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ጥያቄ ጽድቅ የሚመስለው ስለዚህ ነው፤ ክፋቱም በዚሁ ላይ ነው። እውነተኛው ጥያቄ «ማን በደለ?» ሳይሆን «ይህ ልጅ ዛሬ ከእኔ የሚፈልገው ምንድር ነው?» የሚል ነው።

ሌላው ሰው ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ልጁ የታየ እንደ ሆነ እኅቶቹን ማን ያገባቸዋል? የአንዱን ነገር ገልጠን የሁሉን ዕድል እናበላሽን?» ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአባትና የእናት ፍርሃት ነውና በንቀት አንመልሰውም። ነገር ግን እስኪ እናስብ። በፋንኮኒ ደዌ ምንም ምልክት ሳይታይባቸው ሕመሙን የያዙ ልጆች መኖራቸውን ተናግረናል። አንዱን ልጅ የሸሸገ አባት እንግዲህ ሌሎቹንም ሳይመረመሩ ያስቀራቸዋል። ደግሞም መቅኔው የደከመበትን ልጅ ለማዳን ሐኪሞች አስቀድመው የሚፈልጉት የወንድምን ወይም የእኅትን መቅኔ ነው፤ እርሱም ከደዌው ነጻ መሆኑ ከተመረመረና ከታማሚው ጋር ከተስማማ በኋላ ነው። ዝምታ ለእኅቶቹ ክብር አይሆንላቸውም፤ ራሳቸውን እንዳያውቁ፥ ወንድማቸውንም እንዳያድኑ ይከለክላቸዋል። እውነትን ሰምቶ የሚሸሽ አማች ቢኖርም፥ የተሸሸገ ነገር ኋላ በተገለጠበት ትዳር ውስጥ ከመኖር በፊት መሸሹ ይሻላል።

ሦስተኛውም ሰው «ለሚሞት ልጅ ስለ ምን እንደክማለን?» ይላል። ለዚህ ሰው ሁለት ነገር እንመልስለታለን።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ልጅ በተወለደ ጊዜ እትብቱና የእንግዴ ልጁ የማይረቡ ሆነው ይጣላሉ ወይም ይቀበራሉ። በ1988 ግን በፓሪስ ከተማ በቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል ኤልያን ግሉክማን የተባለች ሐኪም ከባልንጀሮቿ ጋር፥ የፋንኮኒ ደዌ ላለበት ከአሜሪካ ለመጣ የ5 ዓመት ብላቴና አዲስ ከተወለደች እኅቱ እትብት የተቀዳውን ደም ሰጠችው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሕክምና ሲደረግ ያ የመጀመሪያው ነበረ፤ የብላቴናውም መቅኔ በእኅቱ ደም ታድሶ በሕይወት ኖረ። ሰው ሁሉ የጣለው ነገር ሰው ሁሉ ተስፋ ለቈረጠበት ልጅ መድኃኒት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በእትብት ደም በልዩ ልዩ ደዌ የተያዙ እጅግ ብዙ ሕመምተኞች ታክመዋል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሕክምና የደሙን ሕመም ያድናል እንጂ የፋንኮኒን ደዌ ከሥሩ አይነቅልም፤ ልጁ ካደገ በኋላም ከካንሰር ይጠበቅ ዘንድ ዘወትር መመርመር አለበት። ቢሆንም «ይሞታል» ተብሎ የተተወው ልጅ «ይመርመር» ወደሚባል ልጅ መለወጡ ታላቅ ነገር ነው።

ሁለተኛውም ይህ ነው። በአሜሪካ በኦሬጎን ግዛት ዴቭ ፍሮንማየር የሚባል ዋና ዐቃቤ ሕግ ነበረ፤ ኋላም የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። የእርሱና የሚስቱ የሊን ሦስት ሴቶች ልጆች በፋንኮኒ ደዌ ተያዙ። እነዚህ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አልሸሸጉም፤ በ1989 ስለዚህ ደዌ የሚደረገውን ምርምር የሚረዳና የታማሚዎችን ቤተሰብ የሚያሰባስብ ድርጅት አቋቋሙ። ከልጆቻቸው አንዲቱ በ1991 በ12 ዓመቷ፥ ሁለተኛይቱ በ1997 በ24 ዓመቷ፥ ሦስተኛይቱም በ2016 በ29 ዓመቷ ዐረፉ፤ አባትየውም ከአንድ ዓመት በፊት በ2015 ዐርፎ ነበር። ችኩል ሰው ይህን ሰምቶ «ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሆነ» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ግን የሰውን ሕይወት እንደ እህል በቁና ይሰፍራል። እነዚህ ልጆች በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሲወደዱና ሲማሩ ኖሩ፤ በወላጆቻቸውም ድካም ሌሎች ቤተሰቦች፥ በሌላም አገር ያሉት፥ ደዌውን በስሙ ለመጥራትና ልጆቻቸውን ቀድመው ለማስመርመር ቻሉ። ለልጅ መድከም የሚገባው ረጅም ዘመን እንደሚኖር ዋስ ስላለን አይደለም፤ ልጅ ስለ ሆነ ነው። ዋስ ካላገኘን አንደክምም ካልን፥ ጤነኛውንም ልጅ ማሳደግ ባልተገባን ነበር።

ነገር ግን ምሕረት የሚመስል ሌላ ስሕተት አለ፤ ከዚህም መጠንቀቅ ይገባል። ደሙ ከበረታለት በኋላ እናት በርኅራኄ ብዛት ልጁን ታጐርሰዋለች፥ ታለብሰዋለች፥ ከትምህርት ቤትም ታስቀረዋለች፤ አንዳንዱም ከዚህ የከፋውን አድርጎ ልጁን ከደጀ ሰላም አስቀምጦ ምጽዋት ያስለምነዋል። ክንዱ ያጠረ ልጅ ግን በተሰጠው እጅ መጻፍን፥ መብላትን፥ ቁልፉን መቈለፍን ይማራል፤ ጊዜ ከሰጠነው እጁ ያላገኘውን መንገድ አእምሮው ይፈልግለታል። መምህራንም ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ክፍላችሁ ሲመጣ በደብተሩ ላይ የጻፈውን ተመልከቱ እንጂ የጻፈበትን እጅ ብቻ አትመልከቱ። ተማሪዎችም በቅጽል ስም አትጥሩት፤ እርሱ ከእናንተ የሚፈልገው ባልንጀርነትን ነው።

እንግዲህ በቤቱ እንዲህ ያለ ሕፃን የተወለደለት ሰው ምን ያድርግ?

1ኛ። ክንዱ ወይም አውራ ጣቱ ጐድሎ የተወለደውን ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይውሰደው፤ ደሙም ይመርመርለት ዘንድ ይጠይቅ። የልቡና የኩላሊቱም ምርመራ ያስፈልገዋል።

2ኛ። ደሙ ደኅና መሆኑ ሳይታወቅ ምላጭ አያስነካው። ግርዘት በ8ኛው ቀን የሚደረግበት ቤት ሁሉ ይህን ያስተውል፤ ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ ይቈይ። እንጥል መቍረጥና የሕፃን ድድ ፈልቅቆ ጥርስ ማውጣት ለማንኛውም ልጅ የሚጐዳ ልማድ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሞት ነው።

3ኛ። ለትኩሳትና ለሕመም አስፕሪን አይስጠው፤ የደምን መርጋት ይከለክላልና። መርፌ የሚወጋውንም ሰው ስለ ደሙ አስቀድሞ ያስጠንቅቀው።

4ኛ። ብዙዎች የታር ልጆች የላም ወተት አይስማማቸውም፤ ያስቀምጣቸዋል፥ ፕላትሌታቸውንም ሊያወርድባቸው ይችላል። ስለዚህ የእናት ጡት ይጥባ፤ ስለ ሌላውም ምግብ ሐኪምን ይጠይቅ።

5ኛ። ቆዳው ሲበልዝ፥ ሰገራው ሲጠቍር ወይም ሲደማ፥ ሕፃኑም ያለ ልማዱ ሲያንቀላፋና ሲያስመልሰው ነገን አይጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እንዲህ ያለ ልጅ በቤቱ የሌለው ሰውስ? አንባቢ ሆይ፥ አንተም ከዚህ ነገር ውጪ አይደለህም። ለዚህ ሕፃን የሚሰጠው ፕላትሌት ከሌላ ሰው ደም የሚገኝ ነው፤ ተቀድቶም የሚቈየው ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ነው። እህልን በጎተራ፥ መድኃኒትንም በሣጥን እንደምናከማች ልናከማቸው አንችልም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለሚደማው ልጅ በዚህ ሳምንት ደሙን የሰጠ ሰው ሊኖር ያስፈልጋል። ጤነኛ ጐልማሳ ሰው ሐኪም መርምሮ ከፈቀደለት በየሦስት ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ ሰውነቱም የሰጠውን ይተካለታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የዚያች እናት ሸክም በብዙ ሰው ሲከፈል ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓትና አንዲት የመርፌ ሕመም ይሆናል።

ደግሞም ደም በባንክ በተቀመጠ ጊዜ የማን እንደ ሆነ፥ ሰጪውም የየትኛው አገር ሰው፥ የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪ፥ ሀብታም ወይም ድኻ እንደ ሆነ ተቀባዩ ሕፃን አያውቅም። ዓይን የሚለያየውን የሰው ልጅ ደም ያስተባብረዋል። በዓይናችን ባየነው እጅ ምክንያት ያራቅነውን ልጅ በማናየው ደም ልናቀርበው እንችላለን።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ እንዲህ ያለ ሕፃን ወደ ተወለደበት ቤት የገባህ እንደ ሆነ፥ በሌላው ሕፃን ቤት እንደምታደርገው ሁሉ እናቲቱን እንኳን ማርያም ማረችሽ፥ ወይም እንደ ቤቱ ልማድ እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አወጣሽ በላት። ልጁንም ተቀብለህ ታቀፈው፥ ስሙንም ጠይቅ። ከዚያ በኋላ «ደሙ ታይቷልን? ሐኪም ዘንድ የሚወስዳችሁስ ሰው አለን?» ብለህ ጠይቅ፤ የሚወስዳቸው ከሌለም አንተ ውሰዳቸው። እግዚአብሔር ለሁላችን የሚያይ ዓይንና የማይሸሽ እጅ ይስጠን።